ነዶ ተሸካሚዎቹ ሴቶች
የትምህርት ኮሚቴው በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያሰማው ንግግር



ባለፈው ስብሰባ ላይ የተነሣው ጥያቄ ለእኛ ለትምህርት ኮሚቴው ሦስት አባላት ተመርቶልን ስለነበር ዛሬ መልሱን ይዘን ቀርበናል። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነበር። ከትምህርት ሣጥናችን ሲበደሩ የኖሩት ልጆች ነርስነት፣ ፋርማሲ፣ የሂሳብ ሥራ የሚማሩ ናቸው። አሁን ግን አንዲት እኅታችን ለዶክትሬት ጥናቷ ብድር ጠይቃለች፤ ጥናቷም ከአራት መቶ ዓመት በላይ ስለሆናቸው የፈረንጅ የመልክዓ ምድር ሥዕሎች ነው። «የሰው አገር ተራራና ወንዝ እንድታይ ነው ወይ የምናበድራት?» ያሉት እናታችን ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ስማቸውን አንጠራም፤ ጥያቄያቸው ግን ተገቢ ነው። ሣጥኑ የሞላው በጽዳት ሥራ፣ በሕፃን ጥበቃና በሌሊት ፈረቃ በተገኘ ገንዘብ መሆኑን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ደረሰኙን የምንቆርጠው እኛ ነን።

ስለዚህ ልጅቷን በተለያዩ እሑዶች ጠርተን አነጋገርናት፤ የጻፈችውን ወደ አማርኛ እየመለሰች እንድታነብልን አደረግን፤ በመጨረሻም ከእሷ ጋር ከዋሽንግተን ኒውዮርክ ድረስ በአውቶቡስ ሄደን ከሥዕሎቹ አንዱን በዐይናችን አየን። (የአውቶቡሱን የከፈልነው ከየኪሳችን ነው፤ ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልን።) የሰማነውንና ያየነውን እንነግራችኋለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከቃሉ እንጀምር። መልክዓ ምድር የሚለውን ቃል ሁላችንም ከጂኦግራፊ መጽሐፍ እናውቀዋለን። ልጅቷ ግን ለሁለት ከፈለችልን። መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስ ስንል ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እያንዳንዱን የአካል ክፍል እየጠራ የሚያመሰግነው ጸሎት ማለታችን ነው። መልክዓ ምድር ደግሞ የምድር መልክ ነው። እርሷ የምታጠናው አውሮፓውያን የምድርን መልክ ለራሱ ሲሉ መሳል መቼና ለምን እንደጀመሩ፣ ሲስሉትም በዚያች ምድር ላይ የሚሠራውን ሰው፣ በተለይ ሴቷን፣ የት እንዳስቀመጧት ነው።

መጀመሪያ ላይ ምድር ለብቻዋ አትሳልም ነበር። ከቅዱሱ ኋላ፣ ከንጉሡ ኋላ እንደ መጋረጃ ትዘረጋለች እንጂ። ቀድመው ከዚህ ከወጡት አንዱ የሲዬናው አምብሮጆ ሎሬንዜቲ ነው፤ በ1338 እና በ1339 የከተማው ምክር ቤት ግድግዳ ላይ መልካም አስተዳደር ለከተማና ለገጠር የሚያመጣውን ፍሬ ሳለ፤ እህል የሚወቁ ገበሬዎች፣ አሳማ እየነዳ ወደ ከተማ የሚገባ ሰው፣ ኮረብታ ላይ የወይን ተክል አለበት። አሥር ዓመት ሳይሞላ ከተማዋን ወረርሽኝ ጨረሳት፤ ሥዕሉ ግን አለ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም በ21 ዓመቱ ኦገስት 5 ቀን 1473 የአርኖን ሸለቆ በብዕር ሥሎ ቀኑን ጽፎበታል፤ በዚያ ወረቀት ላይ ቅዱስም ንጉሥም የለም።

ከዚያ ነገሩ ወደ ሰሜን፣ ዛሬ ቤልጂየም ወደምንለው አገር፣ ወደ አንትወርፕ ከተማ ይሄዳል። በዚያ ዮአኪም ፓቲኒር የሚባል ሠዓሊ ነበር። በእሱ ሥዕሎች ላይ ቅዱሱ እያነሰ እያነሰ፣ ተራራው እያደገ ይመጣል። ጀርመናዊው አልብረኽት ዱረር በ1521 አንትወርፕ በነበረ ጊዜ ፓቲኒርን በማስታወሻው «የመልክዓ ምድር ሠዓሊ» ብሎ ጠርቶታል። ሥራው የራሱ ስም አገኘ ማለት ነው።

እነዚህ ሰዎች ርቀትን የሚሠሩበት ብልኀት ለእኛ እንግዳ አልሆነብንም። የቅርቡን መሬት ቡናማ ያደርጉታል፣ መካከሉን አረንጓዴ፣ የሩቁን ሰማያዊ። ከደብረ ሲና አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ቆላውን ያየ ሰው የራቀ ተራራ ሰማያዊ እንደሚሆን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ የልጅቷም ጥናት የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። አንትወርፕ በዚያ ዘመን ከአውሮፓ ትልልቅ የንግድ ከተሞች አንዷ ነበረች። ከ1540 ጀምሮ በአዲሱ የነጋዴዎች አዳራሽ ፎቅ ላይ የሥዕል መሸጫ ተከፍቶ ነበር። ሥዕል የሚገዛው ቤተ ክርስቲያንና ንጉሥ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ከተሜው ነጋዴ መጥቶ ለሳሎኑ ይገዛል። ይህ ከተሜ ደግሞ የሚወደው ገጠርን ማየት ነበር። ማረስን አይደለም፤ ማየትን። የመልክዓ ምድር ሥዕል ያደገው መሬቱን በሚያርሰው ሰው ገንዘብ ሳይሆን፣ መሬቱን ከሩቅ በሚያየው ሰው ገንዘብ ነው። ልጅቷ ይህን ስትነግረን ከመካከላችን አንዷ፣ «የገጠር ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ የሰቀልነውም እኮ ከወጣን በኋላ ነው» አለች። እውነት ነው።

ከእነዚህ ገዢዎች አንዱ ኒክላስ ዮንገሊንክ የሚባል ነጋዴና ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር። እሱም ፒተር ብሩገል የዓመቱን ወራት እንዲስልለት አዘዘ። ብሩገል ወደ ኢጣሊያ ሄዶ፣ የአልፕስን ተራሮች አቋርጦ የተመለሰ ሰው ነው፤ ታሪኩን በ1604 ያሳተመው ካረል ቫን ማንደር፣ ተራሮቹን ውጦ አገሩ ሲገባ በጣውላ ላይ ተፋቸው ተብሎ እንደሚቀለድበት ጽፏል። የወራቱን ሥዕሎች በ1565 ሠራቸው። ስድስት እንደነበሩ፣ እያንዳንዱም ሁለት ሁለት ወር እንደሚይዝ ብዙዎቹ አጥኚዎች ያምናሉ። ዛሬ ያሉት አምስት ናቸው፤ ሦስቱ ቪየና፣ አንዱ ፕራግ፣ አንዱ ኒውዮርክ። የጠፋው የጸደዩ ነው።

እነዚህ ሥዕሎች መኖራቸውን የሚነግረን የመጀመሪያው ወረቀት ምን ይመስላችኋል? የዋስትና ወረቀት ነው። በ1566 ዮንገሊንክ ለአንድ ወዳጁ 16,000 ጊልደር ለሆነ የወይን ጠጅ ቀረጥ ዕዳ ዋስ ሆነ፤ ለዋስትናውም ቤቱ ያሉትን ሥዕሎች ለከተማው አስያዘ። ከእነሱ ውስጥ 16ቱ የብሩገል ናቸው፤ ወራቱም ተጠቅሰዋል። በእኛ ማኅበር ስንት ሰው ዋስ ሆኖ ምን እንደገጠመው ስለምናውቅ ይህን ስንሰማ ዝም ብለን ተያየን። በ1594 የአንትወርፕ ከተማ የወራቱን ሥዕሎች ለአገረ ገዥው ለአርክዱክ ኤርንስት በስጦታ ሰጥቷል። አስያዡ ዮንገሊንክ፣ ሰጪው ከተማው፤ ለዋስ ጥሩ ምልክት አይደለም።

አሁን እኛ ያየነውን እንንገራችሁ። ኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው «አጫጆቹ» የሚባለው ሥዕል ነው። ቁመቱ 119 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 162 ያህል ነው፤ ከአንድ ሰፊ የመመገቢያ ጠረጴዛ አይበልጥም። በግራ በኩል የደረሰ ስንዴ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ወንዶች ያጭዳሉ። በተቆረጠው ስንዴ መካከል ባለችው መንገድ አንዱ ማሰሮ ይዞ ይመጣል። በቀኝ በኩል በአንድ የፒር ዛፍ ሥር ወንዶችና ሴቶች ነዶ ላይ ተቀምጠው ምሳ ይበላሉ፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ከሳህን በማንኪያ ይበላል፣ ይጠጣል። አንዱ እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። ከእነሱ ኋላ መሬቱ ወደ ታች ይወርድና ቤቶች፣ ዛፎች፣ በስተመጨረሻም መርከብ ያለበት ውሃ ይታያል። ያ ሁሉ ሙቀት ከቢጫው ውስጥ ይወጣል፤ እውነቱን ለመናገር ፊቱ ስንቆም ላብ ላብ ብሎናል።

ከሦስታችን አንዷ ያደገችው ጎጃም፣ በአጨዳ ጊዜ ሜዳ ላይ ነው። እሷ ሥዕሉን ያየችው እንደ ሙዚየም ጎብኚ አልነበረም። ቀርባ፣ ጠባቂው «ትንሽ ራቅ በሉ» እስኪል ቀርባ፣ ሥራውን ተራ በተራ ቆጠረችው። ማን ያጭዳል? ወንዶች። ማን ያስራል? ከዛፉ ኋላ ጎንበስ ብለው ነዶ የሚያስሩ አሉ። ማን ይሸከማል? በስንዴው መካከል ነዶ በትከሻቸው ይዘው የሚሄዱት ሴቶች ናቸው። ጀርባቸውን ነው የምናየው። «ይኼ የተኛው ደግሞ ወንድ ነው» አለች። ሳቅን፤ ሌሎች ጎብኚዎች ዞረው አዩን።

ከዚያ የጠየቀችው ጥያቄ ግን ልጅቷን ማስታወሻ ደብተሯን አስወጣት። «ምሳውን ማን ሠራው?» አለቻት። በሥዕሉ ላይ እሳት የለም። ያንን ዳቦ ሌሊት ተነሥቶ ያቦካ ሰው፣ ለያንዳንዱ አጫጅ የሚበቃውን ገምቶ የያዘ ሰው አለ። በእኛ አገር ደቦ የጠራ ሰው ቤት ውስጥ ጠላው የተጠመቀው፣ እንጀራው የተጋገረው ከስንት ቀን በፊት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጅቷ ይህ ከምዕራፎቿ አንዱ እንደሚሆን ነግራናለች።

ስለ ማጭዱም ያስረዳችን ነገር አለ። በሥዕሉ ላይ ያለው መሣሪያ እኛ የምናውቀው ቆልማማ የእጅ ማጭድ አይደለም፤ ቆመው በሁለት እጅ የሚያወዛውዙት ረጅም እጀታ ያለው ነው። አጭሩን ማጭድ ሴትም ወንድም ይይዘው ነበር። ረጅሙ ግን የወንድ ሥራ ሆነ፤ በእንግሊዝ አገር የቀን ደመወዝ መዝገቦች ላይ እንደሚታየውም የተሻለ የሚከፈለው ለእሱ ነበር። ረጅሙ ማጭድ ወደ ስንዴው ማሳ ሲገባ ሴቷ ከአጫጅነት ወደ ነዶ አሳሪነትና ተሸካሚነት ወረደች። መሣሪያ ሲለወጥ ደመወዝ ማን እጅ እንደሚገባ አብሮ ይለወጣል። ብሩገል ይህን ሊያስተምረን የሳለው አይመስለንም፤ ያየውን ነው የሳለው፤ ስለዚህ ነው የምናምነው።

ልጅቷ አንድ ነገር ላይ ከእኛ ጋር አልተስማማችም፤ ይህንንም ልንደብቃችሁ አንፈልግም። ከ1564 ወደ 1565 የተሻገረው የብርድ ወራት በጣም ከባድ ነበር። በ1565 ደግሞ ዴንማርክ ከስዊድን ጋር ስትዋጋ የባልቲክን የባሕር መተላለፊያ ዘጋች። ለአንትወርፕ የሚመጣው ብዙ እህል በዚያ መንገድ ነበር የሚያልፈው። ዳቦ ተወደደ፤ ድሃው ተራበ። ብሩገል ያንን ሁሉ ስንዴ የሳለው በዚያው ዓመት ነው። ልጅቷ፣ ሥዕሉ የሀብታሙ ሰውዬ ኩራት ነው ትላለች፤ ሌላው እንጀራ ሲያጣ የእሱ ግድግዳ በስንዴ ተሞልቷል። እኛ ደግሞ ግማሹን ተቀብለን ግማሹን አልተቀበልንም። ገዢው የፈለገው ያንን ሊሆን ይችላል። ሠዓሊው ግን ዐይኑን የጣለው በክምሩ ላይ ብቻ አይደለም፤ በደከመው ሰው ላይ ነው፤ ጥማት ላይ፣ አፉን ከፍቶ የተኛው ላይ። የከፈለው ሰው ያዘዘውና የሠራው ሰው ያየው አንድ ላይሆን ይችላል። ጽዳት ለምንሠራ ሰዎች ይህ ከባድ ነገር አይደለም፤ የሰው ቤት ውስጥ ሆነን የምናየውን ባለቤቶቹ አያዩትም።

ከቪየናዎቹ ሥዕሎች አንዱን፣ «አዳኞች በበረዶ ውስጥ» የሚባለውን፣ ያየነው በኮምፒዩተር ነው። የቪየናው ሙዚየም ያሉትን የብሩገል ሥዕሎች በጣም አጉልቶ፣ በኤክስሬይና በኢንፍራሬድ ጭምር አንሥቶ ለሁሉ ሰው በነጻ ክፍት አድርጓል፤ የቀለሙ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። ሦስት አዳኞች ከውሾቻቸው ጋር አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ፤ ያመጡት አንዲት ቀበሮ ብቻ ነው። የሥዕሉ ስም በእነሱ ወጥቷል። በስተቀኝ ወረድ ብሎ ግን በረዶ በለበሰ ትንሽ ድልድይ ላይ አንዲት ሴት የጭራሮ ሸክም ተሸክማ ትሻገራለች። ካላጎሉት አትታይም። ያን ምሽት ቤቱን የሚያሞቀው ግን የእሷ ሸክም ነው። ከእንጦጦ ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ሳናስታውስ ማለፍ አልቻልንም።

የሥዕል ታሪክ ጸሐፊዎች በመልክዓ ምድር ሥዕል ውስጥ ላሉት ለእነዚህ ትናንሽ ሰዎች መጠሪያ አላቸው፤ ስታፋዥ ይሏቸዋል። ማሟያ እንደማለት ነው። ጥናቷን ስታቀርብ አንድ መምህር በማሟያ ላይ ዶክትሬት አይጻፍም ብለዋታል። እሷም እስካሁን ድረስ እየጻፈች ያለችው መልስ ይኸው ነው።

ነገሩ ሥዕሉ ውስጥ ባሉት ሴቶች ብቻ ቢቆም ኖሮ፣ ምናልባት እኛም ብድሩን ለማጽደቅ እናመነታ ነበር። ልባችንን የያዙት ከሥዕሉ ውጭ ያሉ ሁለት ሴቶች ናቸው።

አንደኛዋ ማይከን ፈርሁልስት ትባላለች። ራሷ ሠዓሊ ነበረች፤ ባሏ ፒተር ኩከ ቫን አልስትም ስመ ጥር ሠዓሊ ነበር። በ1550 ሲሞት ልጆች ይዛ ቀረች። በ1553 ባሏ ስለ ቱርኮች ኑሮ የሠራውን ትልቅ የኅትመት ሥዕል አሳተመች። ኢጣሊያዊው ሎዶቪኮ ጉዊቻርዲኒ በ1567 ስለዚያ አገር ባሳተመው መጽሐፍ ከታወቁት ሴት ሠዓሊዎች ጋር ስሟን ጠርቷታል። ልጇን በ1563 ያገባው ያው ፒተር ብሩገል ነው። ብሩገል በ1569 ሞተ፤ ሚስቱም በ1578 ተከተለችው። ሁለት ወንዶች ልጆች ቀሩ፤ ትንሹ ያን አባቱ ሲሞት ገና አንድ ዓመት ያህሉ ነበር። ቫን ማንደር እንደጻፈው ያንን ልጅ የውሃ ቀለም ያስተማረችው አያቱ ናት። ያን ብሩገል አድጎ በዘመኑ ከታወቁት የመልክዓ ምድርና የአበባ ሠዓሊዎች አንዱ ሆነ። አባቱ እጁን ይዞ አላስተማረውም፤ ሊያስተምረው አልኖረም። የአባትየው ሙያ ወደ ልጁ በአያት በኩል ነው የተሻገረው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የልጅ ልጅ የምታሳድጉ እናቶች ስላላችሁ ይህን ስናነብ እናንተን አስበናል።

ሁለተኛዋ ፎልክስከን ዲሪክስ ናት። ባሏ ሂሮኒመስ ኮክ አንትወርፕ ውስጥ «በአራቱ ነፋሳት» የሚባል የሥዕል ማተሚያ ቤት ነበረው። በዚያ ዘመን ዘይት ቅብ ሥዕል የሚገዛው ባለጸጋ ነው፤ በመዳብ ሳህን ተቀርጾ በወረቀት የሚታተመውን ግን ብዙ ሰው ይገዛዋል። የብሩገል ትልልቅ የመልክዓ ምድር ሥዕሎች በ1555 አካባቢ የታተሙት በዚህ ቤት ነው፤ ስሙ ወደ ሩቅ የወጣውም በወረቀቱ ነው እንጂ ሰው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው አይደለም። ኮክ በ1570 ሞተ። ፎልክስከን ቤቱን አልዘጋችም። እስከ ሞተችበት እስከ 1600 ድረስ፣ 30 ዓመት ሙሉ፣ ጦርነትና የከተማ ከበባ በመካከሉ እያለፈ፣ ማተሚያ ቤቱን ይዛ ቆየች። በ1601 የንብረቷ ዝርዝር ተጻፈ፤ የመዳብ ሳህኖቹ፣ የታተሙት ወረቀቶች ተቆጥረው ተመዘገቡ። ያ ዝርዝር ዛሬም አለ።

ብድሩ የተጠየቀው እንግዲህ ለዚህ ነው። የትምህርት ክፍያዋን ዩኒቨርሲቲዋ ይሸፍናል፤ ከእኛ አይጠየቅም። የተጠየቅነው አንድ በጋ አንትወርፕ ተቀምጣ፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች በየሱቁና በየማተሚያ ቤቱ የተዉአቸውን የንብረት ዝርዝሮች ለማንበብ የሚያስፈልጋትን የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ ነው። ጽሑፉ የዚያን ዘመን የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ለማንበብ ሁለት ዓመት ተምራለች፤ ናሙናውን አሳይታን አንድ ፊደል ለመለየት አልቻልንም፤ እሷ ግን እንደ ዳዊት አነበነበችልን።

«የፈረንጅ ሥዕል ለእኛ ምናችን ነው?» ለሚለው አንድ ነገር ብቻ እንበል። ነገሥታቶቻችን ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይወጡ የነበረው፣ ሰው በፊቱ ይምልበት የነበረው ኩርዓተ ርእሱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በአውሮፓዊ፣ በፍሌሚሽ ወይም በፖርቱጋል ሠዓሊ እጅ የተሠራ ሥዕል ነው። በ1868 ከመቅደላ ተወሰደብን። ኒውዮርክ ያየነው «አጫጆቹ»ም ቪየና ነበረ፤ በ1809 የናፖሊዮን ጦር ከተማዋን በያዘ ጊዜ ወደ ፓሪስ ተወሰደ፤ ኒውዮርክ የደረሰው በ1919 ተሽጦ ነው። ሥዕል በማን እጅ ወጥቶ በማን እጅ እንደገባ የሚጠይቅ ሰው ለእኛም ያስፈልገናል፤ ልጅቷ ሙያውን ከተማረች ኩርዓተ ርእሱን የሚመለከት መዝገብም ታነባለች።

ሦስታችን ሙሉ በሙሉ ተስማምተን አልመጣንም። ከመካከላችን አንዷ አሁንም ሣጥኑ ካልበቃ ቅድሚያው ለነርስነት ተማሪዎች ይሁን ትላለች፤ ሁለታችን ደግሞ ቅድሚያ ሲባል ተራ መጠበቅ ማለት ነው፣ በጋው ካለፈ የእሷ ተራ አይመለስም እንላለን። ስለዚህ የውሳኔ ሐሳቡን እንዲህ አድርገን ጽፈነዋል፦ በዚህ ወር የቀረቡት ሁለት የነርስነት ተማሪዎች ብድር መጀመሪያ ይከፈል፤ ከቀሪው ላይ ለእሷ ይሰጥ፤ የአመላለሱ ደንብ ከሌሎቹ በምንም እንዳይለይ። ዋሶቿ ሁለት የማኅበራችን አባላት ናቸው፤ የፈረሙበት ቅጽ ጸሐፊያችን ዘንድ ስላለ ማየት ይቻላል። እሷም በበኩሏ ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ሥዕል ማየትና መሳል ልታስተምር ቃል ገብታለች፤ ይህ ግን የብድሩ ግዴታ ስላልሆነ በውሉ ውስጥ አላስገባነውም።

ድምፅ የሚሰጠው ከቡና በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን፤ ልጅቷም ከኋላ ተቀምጣለች። ሥዕሉን በዐይናችሁ ለማየት ለምትፈልጉ ሌላ የአውቶቡስ ጉዞ ልናዘጋጅ ነው፤ የሙዚየሙ መግቢያ ለአዋቂ 30 ዶላር ሲሆን ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ቅናሽ አለው። ስማችሁን በር ላይ ባለው ወረቀት ላይ አስመዝግቡ፤ ከነገሥነው ጋር ሦስታችን በድጋሚ እንሄዳለን፤ የጎጃሟ እኅታችን ያላየችው አንድ ነዶ አሳሪ ሳይቀር አይቀርም ብላ አልተኛችም። ምሳ የምትይዙ አውቶቡስ ውስጥ የሚበላ ይሁን፤ ሙዚየሙ ውስጥ ምግብ ይዞ ሥዕሎቹ ጋ መግባት አይፈቀድም።